በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለው ድንጋይ



ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የምንገዛውን «የባትሪ ድንጋይ» እንለዋለን። ስያሜው ሳናስበው እውነት ይዟል። ሲከፈት መሐሉ ላይ የከሰል ዘንግ፣ ዙሪያውን ጥቁር እርጥብ ዱቄት አለ። የዱቄቱ ዋና ክፍል የማንጋኒዝና የኦክስጅን ውሁድ ነው፤ በተፈጥሮ ከመሬት ሲወጣ ፓይሮሉሳይት ይባላል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ለባትሪው የተጠቀመው ይህንኑ ውሁድ ነው። ዛሬ ለባትሪ የሚውለው በአብዛኛው በፋብሪካ የተጣራው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ፋጢር የተራሮችን ቀለማት ሲያወሳ ከነጩና ከቀዩ ጋር እጅግ ጥቁሩንም ያነሳል። ፓይሮሉሳይት ከጥቁሮቹ ወገን ነው። ከውሃ አምስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ጠጣሩ ብርጭቆ ይጭራል፤ አፈር መሰሉ ግን ጣትን እንደ ጥላሸት ያጠቁራል። ማንጋኒዝ ያለባቸው ዐለቶች በአየርና በውሃ ሲበሰብሱ ይፈጠራል፤ በባሕርና በሐይቅ ወለልም ይከማቻል። ደቡብ አፍሪካና ጋቦን በማንጋኒዝ ማዕድን የታወቁ ናቸው። በአገራችንም በሰሜን አፋር የማንጋኒዝ ክምችት አለ።

የጥንት ሙስሊም ሊቃውንትም ያውቁት ነበር። አቡበክር አር-ራዚ ከድንጋዮች ተራ የመደበው «መግኒሲያ» ይኸው ማዕድን እንደሆነ ይታመናል። ብርጭቆ ሠሪዎች ጥቂቱን ጨምረው የብርጭቆን አረንጓዴነት ያጠፉበታል፤ ሲበዛ ደግሞ ሐምራዊ ያደርገዋል።

ጉዳቱስ? እ.ኤ.አ. በ1837 አንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ይህን ድንጋይ ሲፈጩ የሚውሉ ሠራተኞች እግራቸው እየዛለ፣ ሲራመዱ እየተንገዳገዱ፣ ድምፃቸውም እየደከመ መሄዱን ጻፈ። ብናኙ በሳንባ ገብቶ አንጎልን ስለሚጎዳ ነው። ባትሪ አንዴ የነካ ሰው እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ አደጋው ብናኙን ለረጅም ጊዜ መተንፈሱ ላይ ነው።

ታዲያ ያረጀ የባትሪ ድንጋይ ቀጥቅጦ ጥቁር ሰሌዳ መቀባት በየገጠሩ የቆየ ልማድ ነው። ቀጥቃጮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው! ዱቄቱ ውስጥ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ጨውም አለ። ለሰሌዳው የተዘጋጀ ቀለም ቢገዛ ይሻላል። ቤት ውስጥ ያለቀ ድንጋይ ከሬዲዮ ወጥቶ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ሊፈነዳ ስለሚችል እሳት ውስጥ አይጣል። ዱቄቱ የነካው እጅ ምግብ ከመነካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ዓይን ከገባም በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።