መዝገቡ ይሰረዛል፤ ማሽኑስ?

እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የምትኖር አንዲት ወጣት ድሮ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችውን ፎቶና ስልክ ቁጥር ዛሬ አጠፋች እንበል። ከገጿ ላይ ጠፍቷል። ከማጥፋቷ በፊት ግን አንድ ኩባንያ ከኢንተርኔት ለቅሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል አሠልጥኖበት ቢሆንስ?

ሕጉ ባዶ እጇን አይመልሳትም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንም ሰው የግል መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተጣለውም በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ላይ ነው።

ችግሩ ያለው ማሽኑ ዘንድ ነው። በመዝገብ ውስጥ ያለ ስም የሰፈረበት ቦታ ስለሚታወቅ ፈልጎ መሰረዝ ቀላል ነው። የሠለጠነ ሞዴል ግን ያነበበውን በቢሊዮን በሚቆጠሩ አኃዞች ላይ በትኖ ይይዘዋል። ጌሾን ከጠላ ማጥለል ይቻላል፤ ምሬቱን ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ተበተነ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪው ኒኮላስ ካርሊኒና ባልደረቦቹ ጂፒቲ-2 የተባለውን የቋንቋ ሞዴል ደጋግመው በመጠየቅ ከ600 በላይ የሥልጠና ጽሑፎችን ቃል በቃል አስወጥተውታል፤ በነዚህም ውስጥ የሰዎች ስም፣ ስልክና አድራሻ ነበረ። አንድ ጽሑፍ በሥልጠና ወቅት በተደጋገመ ቁጥር በቃል የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምርም ተረጋግጧል። ይህ ለአማርኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ በኢንተርኔት ላይ ጥቂት ጽሑፍ ያላቸውን ቋንቋዎች አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ያንኑ እየደጋገሙ ነው የሚያስነብቡት።

አስተማማኙ መፍትሔ መረጃውን አውጥቶ ሞዴሉን ከዜሮ ማሠልጠን ነው። ወጪው ግን አይቀመስም፤ የኦፕንኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን ጂፒቲ-4ን ለማሠልጠን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ መውጣቱን ተናግረዋል። ሌላው መንገድ መረጃውን ከመነሻው ከፋፍሎ ማሠልጠንና የስረዛ ጥያቄ ሲመጣ የሚመለከተውን ክፍል ብቻ መድገም ነው። በአቋራጭ ማስረሳትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች አንድን ሞዴል የሃሪ ፖተርን ታሪክ አስረስተነዋል አሉ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ግን በተለየ መንገድ ሲጠይቁት ርዝራዡን አገኙበት።

ቆራጥ እርምጃ የወሰዱም አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ኤቨርአልበም የተባለውን ኩባንያ ያለ በቂ ፈቃድ የሰበሰባቸውን ፎቶዎች ብቻ ሳይሆን በነሱ የሠራቸውን ሞዴሎችም እንዲደመስስ አድርጎታል። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወርልድኮይን የተባለው የዲጂታል ገንዘብ ፕሮጀክት ከዜጎች የሰበሰበውን የዓይንና የፊት ምስል በ7 ቀን ውስጥ እንዲያጠፋ አዟል።

መብቱ የራሱ አደጋም አለው። ገንዘብ የበላ ሹም ስለ እሱ የተጻፈው ዘገባ ከማሽን እንዲረሳለት ቢጠይቅ ምን ይባላል? የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 17 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትንና ለሕዝብ ጥቅም የሚቀመጥ መዝገብን ከስረዛ ያስቀረው ለዚህ ነው።

ለመካነ ኢየሱሷ ወጣት ግን ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መረጃዋ የትኛው ሞዴል ውስጥ እንደገባ በምን ታውቃለች? አሠልጣኙ ከየት ምን እንደወሰደና ማን እንደፈቀደለት እየመዘገበ ካልያዘ፣ የስረዛ ማመልከቻዋን ለማን እንደምታቀርብ እንኳ አታውቅም። ተቆጣጣሪው አካል ይህን የመመዝገብ ግዴታ ከሥልጠናው በፊት ሊጥል ይችላል፤ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ የሚቀረው አማራጭ ወይ ውድ ነው፣ ወይ አያስተማምንም።