መረብ የማይዘው ሕይወት



ጤዛ ያረፈበትን የሸረሪት ድር በእጁ ጨብጦ ወደ ቤተ ሙከራ የሚወስድ ሰው ሲደርስ የሚያገኘው ድሩን ሳይሆን እርጥብ ክር ነው። በጥልቁ ውቅያኖስ የሚኖሩ ዝልግልግ እንስሳት በመረብ ሲጠመዱ የሚደርስባቸውም ይኸው ነው። አብዛኛው አካላቸው ውሃ ነው፤ አጥንት የላቸውም። ውሃው ደግፎ ስለሚይዛቸው፣ የሚጋጩበት ድንጋይም ስለሌለ፣ ጥንካሬ አላስፈለጋቸውም። መረብ ግን ይበጣጥሳቸዋል። ከመረቡ የተረፉትንም ብዙ ጊዜ ማቆያው ፎርማሊን ያበላሻቸዋል።

ከዚህ የተነሣ የባሕር ሕይወት ቆጠራችን ለረጅም ዘመን ጠንካራ አካል ላላቸው እንስሳት ያደላ ነበር። መረቡ ያላመጣውን እንደሌለ ቆጠርነው።

ለአብነት ግዙፉን ላርቫሲያን እንመልከት። እንስሳው ራሱ ቢበዛ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከአካሉ በሚያመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ ከ1 ሜትር በላይ ሊሰፋ የሚችል «ቤት» ይሠራል። ጭራውን እያወዛወዘ ውሃውን በቤቱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ምግቡንም አጥልሎ ይመገባል። ማጥለያው ሲደፈን ቤቱን ጥሎ ሌላ ይሠራል። ጀርመናዊው ካርል ቹን ይህን የእንስሳ ወገን እ.ኤ.አ. በ1900 ሰይሞታል፤ ቤቱን በቅጡ ለማየት ግን ብዙ ዓሥርት ዓመታት ወስዷል።

በ1970ዎቹ ዊልያም ሃምነርና ባልደረቦቹ በገመድ ተያይዘው በመጥለቅ፣ ዝልግልግ እንስሳትን በመኖሪያቸው ማጥናት ጀመሩ። ጠላቂ የማይደርስበትን ጥልቀት ደግሞ ሮቦቶች ደረሱበት። በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬ ባሕረ ሰላጤ፣ ጥልቁ ሸለቆ ከባሕሩ ዳርቻ አቅራቢያ ስለሚጀምር ተመራማሪዎች ያንኑ ውሃ ዓመት ከዓመት ለመመልከት ችለዋል።

ውጤቱ ምን ነበር? በባሕሩ ወለል ያሉ ፍጥረታት የሚጠቀሙት ምግብ ከላይ ሲወርድ ከሚለካው ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ብሩስ ሮቢሰንና ባልደረቦቹ የተጣሉት ቤቶች በፍጥነት እየሰመጡ ብዙ ካርቦን ወደ ወለሉ እንደሚያደርሱ አሳዩ። የተለመዱት የደለል ማጠራቀሚያዎች እነዚህን ቤቶች በአግባቡ አልያዟቸውም ነበር። በ2020 ደግሞ ካካኒ ካቲጃና ባልደረቦቿ በስስ የሌዘር ብርሃን ቤቱን ሳይነኩ፣ የውስጥ ክፍሎቹን በሦስት አቅጣጫ ለማሳየት በቁ።

ሮቦትም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ብርሃኑና ድምፁ ፈጣን ዋናተኞችን ያሸሻል። መረብንም አንጥለውም፤ እርሱ የሚይዘውን ሮቦቱ ሊስተው ይችላልና።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ውጤት ሲያቀርቡልኝ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ምን እንዳገኙ አይደለም፤ መሣሪያቸው ምን ሊያመልጠው እንደሚችል ነው። ውቅያኖሱ ከአየር የሚወስደው ካርቦን የት እንደሚደርስ ስናሰላ፣ «አላገኘንም» እና «የለም» የሚሉትን ቃላት ማምታታት የሒሳቡን ድምር ያዛባል።