የአባዬ ኮት እና የማሽላ ወፎች

ያደግኩት ኢሉባቦር፣ ጎሬ አጠገብ ነው። ማሽላው ወተት ሲይዝ የእኔ ሥራ ወፍ መጠበቅ ነበር። ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ እወነጭፋለሁ፣ ጅራፍ አጮሃለሁ፣ ቆርቆሮ እደበድባለሁ። ወፍ የሚበዛው ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁሌ ያመልጠኛል። ሒሳብ ነበር፤ እስካሁን ይቸግረኛል።

አንድ ዓመት አባዬ አሮጌ ኮቱን እንጨት ላይ ሰቅሎ ማስፈራሪያ ሠራ። «በቃ፣ አንተ ተማር» አለኝ። ሦስት ቀን ሠራልን። በአራተኛው ወፎቹን ኮቱ ትከሻ ላይ አርፈው አገኘኋቸው! ወፍ የማይንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ኮቱን በየሁለት ቀኑ ቦታ እንቀይረው፣ የተበላሸ የካሴት ክርም እንዘረጋ ጀመር። ነፋስ ሲነካው ይጮሃል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል።

ስምጥ ሸለቆ ያለው ግሪሳ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንዷ ወፍ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ 1 ሚሊዮን ሲሆኑ 10 ቶን! (ይቺን ሒሳብ እንኳን እችላታለሁ።) ለእሱ ኮት አይበቃም፤ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል።

በትንሽ ማሳ ግን ዛሬም ጠባቂው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ጥቅምት ላይ አርፍዶ ክፍል የሚገባ ልጅ ካያችሁ፣ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ማሽላቸው ደርሶ እንደሆነ ጠይቁት።