በደሴ ስም የተጠራችው ሰርጓጅ መርከብ

የኢጣሊያ ጦር ደሴን የያዘው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነበር። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ታራንቶ ላይ አንዲት ሰርጓጅ መርከብ «ደሴ» ተብላ ባሕር ገባች። እኅቶቿ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን ይባሉ ነበር። ባሕር ዐይተው የማያውቁ የደጋ አገሮች ስም በባዕድ ብረት ላይ ተጻፈ፤ የወራሪ ፉከራ መሆኑ ነው።

የመርከቦቹ ርዝመት 60 ሜትር ገደማ ነበር። የናፍጣ ሞተር አየር ስለሚፈልግ የሚሠራው ከውኃ በላይ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ሲጠልቁ በባትሪ ይንቀሳቀሳሉ። ከላይ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር የሚሄዱት ከታች 14 ያህል ብቻ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጠላትን ማሳደድ አይሆንላቸውም፤ መንገድ ላይ አድፍጦ መጠበቅ እንጂ።

«መቀሌ» የሰመጠችው በጥይት አይደለም። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ላይ የማቀዝቀዣዋ ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ አፈተለከ። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታውም እምብዛም አይለይም፤ ግን ነርቭን ይመታል። መርከበኞቹ አእምሯቸው ተዛባ፣ አቅጣጫ ሳቱ፤ መርከቧም ፖርት ሱዳን አቅራቢያ ከኮራል ዐለት ጋር ተላተመች። ሌሎች የቀይ ባሕር ሰርጓጆችም በዚሁ ጋዝ ተመርዘዋል። በጦርነት ጊዜ የተጓደለን ፍተሻ የሚጨርሰው የመርከበኛው ሳንባ ነው።

«ሽሬ» ግን ሌላ ታሪክ አላት። በኢትዮጵያ ወረራ ሰሞን ኢጣሊያ የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ፈርታ ስለነበር፣ ቴዜዮ ቴዜይና ኤልዮስ ቶስኪ የተባሉ ሁለት መኮንኖች ሰው እንደ ፈረስ የሚጋልበው ቶርፔዶ ነደፉ። «ሽሬ» መድፏ ተነሥቶ ሦስት የቶርፔዶ መያዣ ሲሊንደሮች ተገጠሙላት። ጠላቂዎቹ የሚተነፍሱት ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ ትንፋሻቸው ተመልሶ ስለሚጣራ አረፋ አይታይም። በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. «ሽሬ» ያደረሰቻቸው ስድስት ሰዎች እስክንድርያ ወደብ ገብተው የእንግሊዝን የጦር መርከቦች «ኩዊን ኤልሳቤጥ»ን እና «ቫሊያንት»ን ከጥቅም ውጪ አደረጉ። ስድስቱም ተማረኩ።

ሰርጓጅን የሚያጋልጠው ድምፅ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በጨው ውኃ ውስጥ ሩቅ አይዘልቅም፤ ድምፅ ግን በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። የተላከው ድምፅ በሁለት ሰከንድ ከተመለሰ፣ ኢላማው 1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አለ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራውን መሣሪያ እንግሊዞች ያኔ አስዲክ ይሉት ነበር።

«ደሴ»ን ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. ከአልጄሪያ ጠረፍ ወዲያ ያሰጠሟት የእንግሊዙ «ክዌንቲን» እና የአውስትራሊያው «ኩዊቤሮን» የተባሉ የጦር መርከቦች ናቸው። ከ17ቱ እኅትማማቾች ከጦርነቱ የተረፈችው «አላጌ» ብቻ ነበረች።