ዲስክ ነው ወይስ አካውንት?

ያገለገለ ጌም ልሽጥልህ ብሎ የሚደውልልኝን ሰው ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ዲስክ ነው ወይስ አካውንት? ዲስክ ከሆነ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራድ ሕንፃ ብዙ ሳይርቅ ወዳለው ሱቄ ይምጣና አይተነው በዋጋ እንነጋገራለን። አካውንት ከሆነ ግን አልገዛም፣ አላስለውጥም፣ ከሌላ ሰው ጋርም አላገናኝም። በዚህ የሚቀየሙኝ ወጣቶች አሉ። «ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ እየሸጠ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የቴሌግራም ቻናሎቹን ብትከፍቱ አካውንት የሚሸጥ ማስታወቂያ ሞልቷል።

የሶኒ ፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 (ፒኤስ 4፣ ፒኤስ 5) ዲስክ ስታስገቡ ጌሙ ወደ ኮንሶሉ ይጫናል። ቢጫንም ግን ዲስኩ ውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ስለዚህ ዲስኩን የሸጠ ሰው ጌሙን አስረክቧል፤ ቤቱ የቀረው ኮፒ ለምንም አይሆነውም። ገዢውም ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ከሶኒ መደብር በኢንተርኔት የተገዛ ጌም ግን ከገዢው አካውንት ጋር ይታሰራል። ለብቻው ነጥሎ መሸጥም ሆነ ለወንድም መስጠት አይቻልም። አካውንቱን ራሱን መሸጥ ደግሞ የሶኒ ውል ይከለክላል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ደንበኛው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት አስገድዳለች።

ዲስክ ሲመጣልኝ የስልኬን መብራት አብርቼ አጋድሜ አየዋለሁ። ከመሐል ወደ ዳር የሚወርድ ጭረት ብዙ አያስደነግጠኝም፤ ማሽኑ የጎደለችውን ትንሽ ቁራጭ ከአካባቢዋ አስልቶ ይሞላታል። የሚያስፈራው ዲስኩን እየዞረ እንደ ቀለበት የሄደ ጭረት ነው። መረጃው የተጻፈው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ፣ አንድ እንዲህ ያለ መስመር ተከታታይ መረጃ ይወስዳል። በፒኤስ 2 ጊዜ የተጫረ ዲስክ በማሽን ይፋቅና ይድን ነበር። የዛሬው ብሉሬይ ግን መረጃው ከሚነበብበት ገጽ ሥር 0.1 ሚሊሜትር ላይ ነው ያለው፤ በላዩ ያለው ስስ መከላከያ ከተፋቀ አለቀለት። የጥርስ ሳሙና ቀብተው የሚያመጡልኝ ልጆች አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ጨርሶ የማያነብ ዲስክ ሲገጥመኝ ለልጁ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ሽፋኑን ብቻ የሚፈልግ ሰው ካለ እንኳ አገናኘዋለሁ።

የፒኤስ 5 ትልልቅ ጌሞች ሲወጡ ዋጋቸው 70 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበረ ይህ በባንክ ዋጋ 4 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ዶላር 130 ብር ሲገባ ያው ጌም ከ9 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ይህን ከፍሎ የሚገዛ ልጅ ጌሙን ሲጠግበው ካልሸጠው ቀጣዩን አይገዛም። ስለዚህ ይሸጠዋል፣ ወይም ጥቂት ብር ጨምሮ በሌላ ያስለውጣል። አንድ ዲስክ ቦሌ ሚካኤል፣ ሩዋንዳ፣ ጎተራ ዞሮ ተመልሶ እኔ ጋ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ከሽፋኑ ውስጥ ያደረግሁበትን ምልክት አውቀዋለሁ። እኔ ሰፈር ጌም የሚኖረው በዚህ ዙረት ነው።

ይህን ዙረት የጌም ኩባንያዎቹ አይወዱትም። ከሁለተኛው ሽያጭ የሚደርሳቸው ስለሌለ ሊገድቡት ሲሞክሩ ቆይተዋል። ፊፋን ይሠራ የነበረው ኢኤ እ.ኤ.አ. በ2010 «ኦንላይን ፓስ» የሚባል ነገር አመጣ፤ ያገለገለ ዲስክ የገዛ ሰው በኢንተርኔት ለመጫወት ሌላ 10 ዶላር መክፈል ነበረበት። ፊፋም ውስጥ ገብቶ ነበር፣ በ2013 ተዉት። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ የባሰውን ይዞ መጣ። ያገለገለ ጌም የሚሸጠው ኩባንያዎቹ በተስማሙባቸው መደብሮች በኩል ብቻ፣ ለጓደኛ መስጠት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮንሶሉም በየ24 ሰዓቱ በኢንተርኔት መረጋገጥ አለበት የሚል ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፤ ሰኔ 19 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ዕቅዱን ሰረዙት። እኛ አገር በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ዲስክ የነበረው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር። ያ ዕቅድ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ኮንሶሉ በማግስቱ ይቆለፍበት ነበር።

የኢንተርኔት ገበያዎቹም የራሳቸው አጥር አላቸው። አማዞን ላይ አንዳንድ ጌሞችን ለመሸጥ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቤቴስዳ የተባለው የጌም ኩባንያ፣ ያልተከፈተ ጌም «አዲስ» ብሎ አማዞን ላይ ያወጣን አንድ አሜሪካዊ ግለሰብ በጠበቃ ደብዳቤ አስፈራርቶ ማስታወቂያውን አስነሥቶበታል። ምክንያቱ፣ ከእኛ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲሸጠው የአምራቹ ዋስትና አብሮ ስለማይሄድ ዕቃው አንድ ዓይነት አይደለም የሚል ነበር። ይህ ያናድደኛል። ታሽጎ የተቀመጠ፣ በገንዘቡ የገዛው ዕቃ ነው!

የገዛኸውን ዕቃ መልሰህ መሸጥ ትችላለህ ወይ የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ሕግ ድሮ የተመለሰ ነው። አንድ አሳታሚ መጽሐፉ ላይ «ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» ብሎ አትሞ፣ ሜሲስ የተባለው መደብር በ89 ሳንቲም ሲሸጠው ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1908፣ አንድ ጊዜ ከሸጥከው በኋላ በቅጂው ላይ አታዝም ብሎ ፈረደ። ዲስክም እንደዚያ መጽሐፍ የሚጨበጥ ዕቃ ነው። የሚጨበጠው ነገር ሲጠፋ ግን ፍርዱም ይለያያል። አንድ የፈረንሳይ የሸማቾች ማኅበር፣ በኢንተርኔት የተገዛ ጌም መልሶ መሸጥ ይፈቀድ ብሎ ስቲም የተባለውን የኮምፒውተር ጌም መደብር ባለቤት ቫልቭን ከስሶ በ2019 ፓሪስ ላይ ቢረታም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 ገልብጦታል።

ፌስቡክን የመሳሰሉ ገበያዎች አካውንት መሸጥን መከልከላቸውን ግን አልቃወምም። ምክንያቱን ከአንዲት የሰፈራችን እናት ልንገራችሁ። ለልጃቸው ያገለገለ ፒኤስ 5 ከነአካውንቱ፣ ብዙ ጌም ተጭኖበት፣ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ ገዙለት። ብዙም ሳይቆይ ጌሞቹ በሙሉ ቁልፍ ምልክት አወጡ። «ወንድሜ፣ እባክህ ይሄን ነገር አንድ በለኝ» ብለው ይዘውት መጡ። «እትዬ፣ ኮንሶሉ ደህና ነው፤ ሻጩ አካውንቱን መልሶ ወስዶታል» አልኳቸው። የአካውንቱ መነሻ ኢሜይል በሻጩ እጅ ስለሆነ የይለፍ ቃሉን በፈለገ ሰዓት ይቀይራል፤ ለሌላ ሰውም ደግሞ ይሸጠዋል። ለሶኒ አቤት እንዳይሉ ሽያጩ ራሱ የተከለከለ ነው።

እኛ አገር ችግሩን የሚያብሰው ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክን በይፋ ከከፈተባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለመኖሯ ነው። ስለዚህ ሰዉ የአሜሪካ ወይም የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ብሎ ይመዘገባል፤ የብር ካርዱ እዚያ ስለማይሠራም ጊፍት ካርድ ከደላላ ይገዛል። በ2024 ግንቦት «ሄልዳይቨርስ 2» በኮምፒውተር የሚጫወቱትም የሶኒ አካውንት እንዲያወጡ ሊገደዱ ነው ሲባል፣ ጌሙ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ከሽያጭ ተነሥቶ ነበር። የዲጂታል ነገር መሠረቱ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ባነሣው ቀን ይነሣል። ኢኤ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ በመስከረም 2023 የቀድሞዎቹን ፊፋዎች ከዲጂታል መደብሮች ሲያወርድ፣ ፊፋ 23 ለሚፈልግ ሰው የቀረው ዲስኩ ነው።

በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ያሉ ብዙ ፒኤስ 4ዎች ጄልብሬክ የተደረጉ፣ ማለትም ያልተገዛ ጌም እንዲያጫውቱ ጥበቃቸው የተሰበረ ናቸው። እኔ ይህን አልሠራም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው፣ የደከመበትም ሰው አለ። ኩባንያዎቹ ግን አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ሕጋዊውን ያገለገሉ ጌሞች ገበያ በዘጉ ቁጥር 9 ሺህ ብር የሌለውን ልጅ ወደዚያው ይገፉታል።

እንግዲህ ገዢ ለሆናችሁ፦ ያገለገለ ጌም ስትገዙ ዲስክ ግዙ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊትም ሻጩ ፊት አስገብታችሁ አስጀምሩት። የፒኤስ 4 እና የፒኤስ 5 ዲስክ ከዱባይም ይምጣ ከአሜሪካ እዚህ ይሠራል፤ በኋላ የምትገዙት ተጨማሪ ይዘት ግን አካውንታችሁ ከዲስኩ ክልል ካልገጠመ አይገባም። ከውጭ አገር ዘመድ ኮንሶል ልላክልህ ሲላችሁም ዲስክ ማስገቢያ ያለውን እንዲልክ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ለወጡት ዲጂታል ኤዲሽኖችና ለፒኤስ 5 ፕሮ ማስገቢያው ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል፤ ሲገጠም አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2020 ለወጣው የመጀመሪያው ዲጂታል ኤዲሽን ግን የሚገጠም ማስገቢያ የለም።