ስለ ቤት ጠባቂ ካሜራ አመራረጥ
በባሕር ዳር ከጣና ዳር የሚኖር ሰው በደጁ ካሜራ ቢያቆም፤ ዘንባባው በነፋስ ሲወዛወዝ፤ ትንኙም በሌሊት በመስተዋቱ ፊት ሲርመሰመስ፤ እንቅስቃሴን ብቻ የሚያይ ካሜራ ሌባ መጣ እያለ ይቀሰቅሰዋል። በከንቱ ደጋግሞ የተቀሰቀሰም ሰው እውነተኛው ሌባ በመጣ ጊዜ አይነሣም።

ሰውን ከቅጠል ከሚለየው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁለት ዓይነት እናነሣለን። አንደኛው በካሜራው ውስጥ ያለው ሲሆን ሌላ ኮምፒዩተር አይሻም፤ ችሎታው ግን ፋብሪካው በሰጠው መጠን ነው። ሁለተኛው በቤት ኮምፒዩተር የሚጫነው ሶፍትዌር አሮጌውንም ካሜራ ያገለግላል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሌት ተቀን መብራት ይፈልጋል።

ስለዚህ መብራት ለሚቋረጥበት ቤት በትንሽ ባትሪ የሚሠራውን የፊተኛውን እንመርጣለን። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ አይዘነጋምና፤ ማንኛውም ቢመረጥ ደወሉ በስልክ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥም የሚጮኽ ይሁን።