ባሩዱን ለፋብሪካ፣ ሮኬቱን ለልጆች

«ኧረ እህቴ፣ ይሄ ነገር ልጆቹ እጅ ላይ ቢፈነዳስ?»

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ልጄ ባለበት የትምህርት ቤት የሮኬት ክበብ ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሚያስቡ ሐበሻ ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምር እንደነበር ስለሚያውቁ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሞዴል ሮኬት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከዚሁ ስጋት ነው።

ሶቪየት ኅብረት በኦክቶበር 1957 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ስትልክ የአሜሪካ ወጣት ሮኬት ካልሠራሁ አለ። የብረት ቧንቧ ውስጥ የክብሪት ራስ፣ ወይም የዚንክ ዱቄትና ድኝ እየጠቀጠቀ ይለኩስ ጀመር። «ኦክቶበር ስካይ» የተባለውን የ1999 ፊልም ያየ ሰው የዌስት ቨርጂኒያውን የማዕድን ሠፈር ልጅ ሆመር ሂካምን ያስታውሰዋል፤ የመጀመሪያ ሙከራው ያፈረሰው የእናቱን የአትክልት አጥር ነበር። እሱና ጓደኞቹ ቀናቸው፤ በ1960 በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድር እስከ መሸለም ደረሱ። ሌሎች ግን ጣታቸውን፣ ዓይናቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ባሩድ የታጨቀበት የብረት ቧንቧ ሲፈነዳ ቦምብ ነው።

መፍትሔው ግን ከስፑትኒክ በፊት ነብራስካ ውስጥ፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ጫማ ነጋዴ እጅ ተገኝቶ ነበር። ኦርቪል ካርላይል የርችት ሥራ የሚወድ ሰው ነው፤ ወንድሙ ሮበርት ደግሞ ሞዴል አውሮፕላን ያበር ነበር። ሮበርት ሮኬት እንዴት እንደሚሠራ ለሰው የሚያሳይበት ነገር ሲፈልግ፣ ኦርቪል በ1954 በወረቀት ቀፎ ውስጥ ባሩድ ጠቅጥቆ አንዲት ትንሽ ሞተር፣ ከነሞተሯም ወጥታ በፓራሹት የምትመለስ ሮኬት ሠራለት። በኒው ሜክሲኮው የዋይት ሳንድስ ሚሳይል መሞከሪያ ይሠራ የነበረው ሃሪ ስታይን ስለ ወጣቶቹ አደጋ የጻፈውን ሲያነብ፣ ኦርቪል በ1957 ናሙና ላከለት። ስታይን የእጅ ሥራውን ዋጋ ወዲያው ተረዳ፤ ሞተሩን ለገበያ የሚያቀርብ ኩባንያም ዴንቨር ላይ ተቋቋመ። ቬርነን ኤስተስ የተባለ የኮሎራዶ ሰው ደግሞ በየ5.5 ሴኮንዱ አንድ ሞተር የሚያወጣ ማሽን ሠራ።

መርሁ በዚያን ጊዜ ጸና፤ ሮኬቱን ልጆች ይሥሩት፣ ባሩዱን ግን ከፋብሪካ በቀር ማንም አይንካው። እኔም በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ሞተሯ አውራ ጣት ታክላለች፤ የተለመደችው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላት። ቀፎዋ ላይ ለምሳሌ «ሲ6-5» ተብሎ ይጻፋል። ፊደሉ የጠቅላላ ጉልበቷ ደረጃ ነው፤ ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ በተሻገርን ቁጥር ጣሪያው እጥፍ ይሆናል። 6 አማካይ ግፊቷ ነው፣ በኒውተን። 5 ደግሞ ነዳጁ ነዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆጠረው ሴኮንድ ነው። ሮኬቷ ነዳጅ ቢያልቅባትም በያዘችው ፍጥነት ሽቅብ መውጣቷን አታቆምም። ጉልበቷ ጨርሶ ሲደክም፣ ሞተሯ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ባሩድ ወደ ፊት ተተኩሳ ሹሉን አፍንጫ ትገፋዋለች፤ ፓራሹቱም ይዘረጋል። ቀላል ሮኬት በዚህች ሞተር ወደ 300 ሜትር ትወጣለች።

ልጄ ማታ ማታ ሲሠራ አጠገቡ መቀመጥ እወዳለሁ። የባልሳ እንጨት ክንፎቹን ጠርዛቸው እስኪለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፤ በወረቀቱ ቧንቧ ላይ በእርሳስ ባሰመረው መስመር ያጣብቅና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያቸዋል። «እማዬ፣ ቀጥ ብሏል?» ይለኛል። ከዘመመ ሙጫው ሳይደርቅ ያቃናዋል። ሲጨርስ ሞተሯን ከትቶ ሮኬቷን በጣቱ ላይ ሚዛን ያስይዛታል፤ ሚዛኗን የጠበቀችበት ቦታ የክብደቷ ማዕከል ነው። እዚያ ላይ ሲባጎ አስሮ ከጭንቅላቱ በላይ ያሽከረክራታል። አፍንጫዋ ቀድሞ ከሄደ ለመተኮስ ደርሳለች። ጭራዋ ከቀደመ ወይም ከተንገዳገደች አፍንጫዋ ውስጥ ጭቃ መሰል ማክበጃ ይጨመርላታል፣ ወይም ክንፎቿ ይሰፋሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ነፋስ ሲገፋት ሮኬቷ የምትዞረው በክብደቷ ማዕከል ላይ ነው። የአየሩ ግፊት የሚያርፍበት ማዕከል ከዚያ ወደ ኋላ፣ ቢያንስ በቧንቧዋ ውፍረት ልክ ከራቀ፣ አየሩ ራሱ እንደ ቀስት መልሶ ያቀናታል። ይህን የግፊት ማዕከል በስሌት ማግኛውን ዘዴ ለሞዴል ሠሪዎች ያቀረበው የናሳው መሐንዲስ ጄምስ ባሮውማን ነው፣ በ1966። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን ቀምሮ ሲያወጣ ማየት ለአንድ የፊዚክስ መምህር ምን ማለት እንደሆነ መናገር ይቸግረኛል።

የማስወንጨፊያው ደንብ ጥብቅ ነው። ቀፎው ወረቀት፣ እንጨት ወይም ፕላስቲክ እንጂ ብረት አይሆንም። ሞተሯ የምትለኮሰው ከባትሪ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው፤ ለትንንሾቹ ሞተሮች ቢያንስ 5 ሜትር ያህል ይራቃል። ከ5 ወደ ታች ተቆጥሮ ይተኮሳል። አልነሳም ካለች ቁልፉ ተነቅሎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይጠጋትም።

የአሜሪካ ተማሪዎች ትልቁ የሮኬት ውድድር መጨረሻ የሚካሄደው ከእኛ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና በሚያስኬደው ዘ ፕሌንስ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቡድኖቹ ጥሬ እንቁላል ጭነው ወደተወሰነላቸው ከፍታ ይልካሉ፤ በተወሰነው ሴኮንድ ውስጥም ሳይሰበር ማውረድ አለባቸው። ለመጨረሻው የሚጋበዙት ምርጥ 100 ቡድኖች ናቸው። በዋሺንግተን ዙሪያ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችንን ይዘን ሄደን ማየት አለብን።

ሞተሩ በማይገኝበት አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ የውኃ ሮኬት አለላችሁ። የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ሲሶውን ውኃ ሙሉት፤ አፉን የጎማ መንፊያ ቫልቭ ባሳለፋችሁበት ቡሽ ድፈኑትና አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ማቆሚያ ላይ አቁሙት። ከዚያ ራቅ ብላችሁ በረጅም ቱቦ፣ በብስክሌት መንፊያ አየር ንፉበት። ቀጭኑን የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን አትጠቀሙ፤ ግፊቱን አይችልም።